አውራ ጣቴ ያረፈበት ጎማ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ከማለቴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስምንት ቀን ሆነው። በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ስዞር ጫፉ እንደ ጎማ ጠቁሯል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼህ አይደለም፤ የጠየቅከኝን ነገር በደንብ ሳላስብበት መጻፍ ፈርቼ ነው።

እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሎታል። አባዬም ደህና ነው። ስምህን አሁንም አይጠራም። ነገር ሲያስገድደው "ያኛው" ይላል። እማዬ ግን "ያኛው ባለ ቁጥር ቀና ብሎ በሩን ያያል" ትለኛለች። ከነገረችኝ በኋላ እኔም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ለምን አትደውዪም ላልከው፣ ዕቃ ከማመላለስ ስታርፍ የምትውልበትን ጋራዥ ስልክ ቁጥር መዝግቤ ይዤዋለሁ። የኛ ጎሚስታ ስልክ ግን ያለው አባዬ ወንበር አጠገብ ነው። ደግሞ ስልክ ስይዝ ድምፄ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ፊት ለፊት እንኳ በስንት መከራ ነው። "ጭጬ" ብለህ ያወጣህልኝ ስም ዝም ብሎ አልተጣበቀብኝም። ደብዳቤ ይሻለኛል። ጎማ የሚያመላልሱልን ሾፌር፣ ጋሽ ቀስ በል፣ ሰኞ ከዚህ ተነሥተው ረቡዕ አንተ ጋ ይደርሳሉ፤ ሐሙስ ተነሥተው ቅዳሜ እኛ ጋ ናቸው። "ኤሊ ይቀድምሃል ይሉኛል፤ ኤሊ ግን ጎማ አይጭንም" አሉኝ ደብዳቤህን ሲሰጡኝ።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ። ሞተርህን ሜዳ ላይ ለምትነዳበት ቀን ጥርስ የሌለውን የውድድር ጎማ ልግዛ ወይ ብለሃል። አትግዛ። ያ ጎማ እስኪግል ድረስ እንደ ሳሙና ነው። የሚግለው ደግሞ ለለመዱት ነው፤ ፈራ ተባ እያለ ለሚነዳ ሰው አይግልም። አንተ በመጀመሪያ ቀንህ ትፈራለህ፤ ብትፈራም ደስ ይለኛል። ለመንገድ የተሠራ፣ ለስለስ ያለ፣ ጥርስ ያለው ጎማ ይበቃሃል። እሱ ቶሎ ይሞቃል። ሊያንሸራትት ሲል አስታውቆ ነው እንጂ ድንገት አይጥልም።

የፊተኛው አራት ወሩ ከሆነ ተወው። የኋላው ግን ዕቃ ስታመላልስበት የኖርክበት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ የኖረ ጎማ መሀሉ አልቆ ይጠፈጠፋል፣ ጎንና ጎኑ እንደ አዲስ ይቀራል። ኩርባ ላይ ሞተሩን ስታጋድመው ከጠፍጣፋው ወደ ጎኑ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ጠርዝ አለ፤ በጨለማ ደረጃ እንደመሳት ነው። በዚያ ጎማ ሜዳው ውስጥ እንዳትገባ።

የኋላውን እኔ ልፈልግልህ። ልኩን ጻፍልኝ፣ ቀኑንም ጭምር። አንድ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ፊት ለፊት መጻፍ ስላፈርኩ ከወረቀቱ ኋላ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

ታናሽህ


ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ጭጬ፣

ደብዳቤሽን ለጋራዡ ሰዎች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እንዳትቆጪ፤ ከኋላ በእርሳስ የጻፍሽውን አላነበብኩም። ዋናው መካኒክ "እህትህ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ። አሥራ ሰባት ስለው "ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው?" አለ። አዎ አልኩት። "እኔ በአርባ ዓመቴ ያወቅኩትን ነው የጻፈችው። ታውቃለች" አለና ሄዶ እጁን ታጠበ። ለምን እንደታጠበ አልገባኝም።

የጀማሪዎች ቀን ጥቅምት 30 ቅዳሜ ነው። ሃያ ሰዎች ነን። የሞተር ማሠልጠኛው ሰዎች ቆመው ያዩናል፤ ከሃያው አንዱን ረዳት አሠልጣኝ አድርገው ይወስዳሉ። የሚመርጡት ፈጣኑን አይደለም፤ ረጋ ብሎ የሚነዳውን ነው። እኔና ረጋ ማለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንገባ አባዬ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ፤ መረጋጋት የሚያስተምር ነገር ካለ ደረጃ ነው። ይህን ሥራ ካገኘሁ ደረጃው አበቃ።

አባዬ እንዳያውቅ። ሰፈር ውስጥ ስሽቀዳደም እግሬን የሰበርኩ ዕለት ያለውን አንቺም በሩ ኋላ ሆነሽ ሰምተሻል። "ከዛሬ በኋላ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ልጅ የለኝም" ነው ያለው። እሱ በቃሉ እንዳለ ነው፤ እኔም ሞተሬ ላይ ነኝ።

በእርሳስ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ አንዳንዴ ይጠዘጥዘኛል። ሲበርድ ነው።

የጎማው ልክ መቶ አርባ፣ ሰባ፣ አሥራ ሰባት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 10፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ፣

እማዬ "እግሩስ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስለ እግሩ ለእማዬ ንገሪ አላለኝም" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እሷ ግን ቀና ብላ በደንብ አየችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያገኘኸው ጎማው ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሆነ፣ ጎማው ደርሶሃል ማለት ነው። ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ። አባዬ በየዓመቱ "አንዱን ለራስሽ መርጠሽ ሽጪ" ይለኛል፤ የዘንድሮውን አልሸጥኩም ነበር። ያንተ ነው።

በዝናቡ ጊዜ ጣሪያው አፍስሶ እኔና እማዬ ጎማውን ሁሉ አውጥተን መልሰን ደርድረነው ስለነበር፣ መደርደሪያውን አሁን ከአባዬ በላይ አውቀዋለሁ። በልክህ ሦስት አገኘሁ። አባዬ ባስተማረን መንገድ ጥርሱ መሀል በጥፍሬ ተጫንኩ። አንደኛው ደረቅ ነው፣ ጥፍር አይቀበልም። ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ አንደኛው ፈዘዝ ስላለ ተውኩት። ያንተው ግን ጥፍሬ ገብቶ ሳነሣው ቦታው ተመልሶ ሞላ። ጥቁረቱም ሌላ ነው፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። በጣም ነው የወደድኩት። ደንበኛ ሲመጣ እንዳያየው አዙሬ አስቀመጥኩት።

ስጦታ ስለሆነ አጸዳሁት። ውጪውን ብቻ አይደለም፣ ውስጡንም በእርጥብ ጨርቅ ዞርኩበት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ። የዚህ መጋዘን አቧራ መቼም አያልቅም።

ሦስት ነገር አደራ። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ቅባት እስኪለቅ ነው። ጥቂት ቀን ቀስ ብለህ ንዳው፣ ትንሽ ቢያንሸራትትህም አትደንግጥ። ሜዳው ላይ ደግሞ ንፋሱን ከመንገዱ ትንሽ ቀነስ አድርገው፤ ጎማው ሲግል ንፋሱ ራሱ ይጨምራል። ከመግባትህ በፊትም ስትወጣም ለካውና ጻፈው። ሦስተኛውን ከኋላ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

አባዬ "ለማን ሸጥሽው?" አለኝ። "ለሩቅ ሰው" አልኩት።

ታናሽህ


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ጭጬ፣

ጋሽ ቀስ በል ጎማውን በትከሻቸው ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። "የእህትህ ዕቃ ሆኖብኝ ነው እንጂ ከታች ነበር ጥዬልህ የምሄደው" አሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። ሲጠጡም ቀስ ብለው ነው።

ራሴ ገጠምኩት። የጎሚስታ ልጅ ሆኜ ለሌላ ሰው አልሰጥም። መካኒኩ በሩቁ አይቶ "ይሄ ጎማ ከሄልሜቴ በላይ ያብረቀርቃል" አለ። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ ላይ ካረፈ በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ አረጀብኝ። ልብስ ለውጦ አሮጌ ጫማ ያደረገ ሰው መስያለሁ።

ሁለት ነገር አለኝ። የሜዳው ሰዎች ፎርም ላይ ጎማው የተሠራበት ጊዜ ቁጥር ይጻፍ ይላል። አራት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በጎኑ ሞላላ ነገር ውስጥ ነው የሚሆነው። ቦታውን አገኘሁት፣ ቁጥሩን ግን አጣሁት፤ ተደፍኗል። በጥፍሬ ስቧጥጠው ጥቁር ነገር ወጣ። ለጊዜው ባዶ ተውኩት። አንቺ ሳታዪው አልቀረሽም ብዬ ነው።

ሁለተኛው የሚያስቅ ነው። ከትልቁ ጽሑፍ ጫፍ አጠገብ ጥቁረቱ ያልነካው፣ ግራጫ የሆነ የአውራ ጣት ቦታ አለ። የፋብሪካው ሠራተኛ ይዞት ሳለ የቀረ ይመስለኛል። ጣቴን ሳስቀምጥበት በለጠው። ትንሽ ጣት ያለው ሰው ነው። የት አገር ይሆን እያልኩ ጠዋት ጠዋት ሞተሬን ሳስነሣ ሰላም እለዋለሁ።

በእርሳስ ለጻፍሽው፦ አይ፣ አልፈራም። ትንሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባዬ ደህና ነው። ከዚህ ሌላ ወሬ የለም።

ስለ ቁጥሩ የጻፍከውን አየሁት። አሁን ልነግርህ አልችልም። ፎርሙን ቆይ፣ እንዳትሰጣቸው።

የጣቱንም ነገር አየሁት። የግራ እጅ ነው የቀኝ? ጻፍልኝ።

እስከዚያ ቀስ ብለህ ንዳ። ዝናብ ካለ ጨርሶ አትንዳው። ከቻልክ የድሮውን ጎማ መልሰህ ግጠመው፤ ለሥራ መንገድ እሱ ይበቃል። ቀኑንም ለሌላ ጊዜ ማዛወር ከተቻለ አዛውረው። ምክንያቱን በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። የተቀደዱት ረዘም ይሉ ነበር።

ተቆጥተህ እንዳትጽፍልኝ።

ታናሽህ


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጭጬ፣

ሰላም ሳይለኝ ጀመረ እንዳትዪ፣ ሰላም።

አባዬ አወቀ ማለት ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ያንን ደብዳቤ የጻፈው እጅሽ ነው፣ ቃሉ ግን የእሱ ነው። "ቀስ ብለህ ንዳ፣ ዝናብ ካለ አትንዳ፣ ለሌላ ጊዜ አዛውር።" አጠገብሽ ቆሞ እንዳስጻፈሽ ነው የተሰማኝ። ሌላ ጊዜ የሚባል የለም። ሰው የሚወስዱት አሁን ነው። የድሮውን ጎማ ደግሞ ለሰፈሩ ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ዛፍ ላይ አንጠልጥለው እየተወዛወዙበት ነው።

ማክሰኞ ዝናብ ነበር። አትንዳ ያልሽበት ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም ነበር፤ ሥራ ነው፣ ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ የኋላው ሸሸኝ፤ ወደ ጎን አንድ ክንድ ያህል። እግሬን አውጥቼ ደገፍኩት፤ ያንኑ እግር። አልወደቅኩም። ኋላዬ አውቶቡስ ነበር፤ እሱም ቆመ። አልደነገጥኩም፤ "አዲስ ጎማ መጀመሪያ ያንሸራትታል" ብለሽ የጻፍሽው ትዝ አለኝ። ቅባቱ ገና አልለቀቀም አልኩና ሄድኩ። አየሽ፣ ከአባዬ ይልቅ የምሰማው አንቺን ነው።

ትናንት ከሰዓት ደግሞ ጋራዥ ውስጥ "ስልክ ይፈልግሃል" ብለው ጠሩኝ። ሃሎ ስል ዝም። ሲተነፍስ ግን ይሰማኛል። አባዬ ከሆነ፣ የሚለው ካለው ይበለው በይልኝ። እኔ እስኪዘጋ ድረስ ጆሮዬ ላይ ይዤው ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ፈቃድ ወስጃለሁ። እስከ ቅዳሜ ሜዳው አጠገብ ካለው ማረፊያ ነኝ፤ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ስልክ የለውም። ጋሽ ቀስ በል በዚያ ስለሚያልፉ ደብዳቤ ካለሽ እዚያው ይስጡኝ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እንለማመዳለን። ረቡዕ ኩርባዎቹ ላይ ሞተሩን በደንብ ያጋድሙናል አሉ።

ጣቱ የግራ ነው። ምን ያደርግልሻል?

ወንድምሽ


ጥቅምት 24፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ፣

የኋላውን ጎማ አውልቀው። ሰላምታዬ ከታች አለ፤ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብብ።

ጣቱ የኔ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ የለም።

ያረጀ ጎማ ለጋሪ እንደምንሸጥ ታውቃለህ። ጋሪ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ችግር የለውም። አንተ ከሄድክ በኋላ አባዬ መልክ እንዲኖረው እየተቀባ ይሸጥ አለና ቀለሙን ለእኔ ሰጠኝ። በግራ እጄ ጎማውን ይዤ በቀኜ እቀባለሁ። ሁልጊዜ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ሳይቀባ ይቀራል። አባዬ "ጎበዝ ነሽ፣ ይቺን ጣት ግን አንሺ" ይለኛል፤ እረሳለሁ። ጎማው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ውስጡ ላይ በነጭ ጠመኔ ኤክስ ያደርግበታል። ለራሱ ሞተር ቢሆን የሚገጥመው ላይ ደግሞ ክብ። ለደንበኛ አይነግርም፤ የእሱ ምልክት ነው።

ጨርቄ ነጭ ሆኖ የወጣው በአቧራ አይደለም። ኤክሱን ነው ሳላየው የጠረግኩት።

ጣሪያው ሲያፈስ የጋሪዎቹን ከደህናዎቹ ጋር የቀላቀልነው እኔና እማዬ ነን። እኔ ነኝ የቀባሁት፣ እኔ ነኝ ያቀላቀልኩት፣ እኔ ነኝ ከሦስቱ መርጬ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል ያልኩት። ፈዘዝ ያለው መንትያው እንኳ ቀለም ሲያንሰኝ በቀጭኑ የቀባሁት ነበር። ጥፍሬ ገብቶ የተመለሰው ቀለሙ ውስጥ የምንጨምረው ዘይት ላዩን አለስልሶት ነው። በራሴ ሥራ ተታለልኩ።

የጣቱን ነገር የጻፍክልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ጥቅምት 16 ነው። ወዲያው ሄጄ መንትያውን አወረድኩት። ውስጡ ኤክስ አለ። ከጽሑፉ ጫፍ አጠገብ ጣቴ አለ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በቤንዚን ጠረግኩት። እኔ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ማንም አልነዳበትም፤ ግን ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ጎኑን ሳጎብጠው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከቀለሙ ሥር ወጡ። ማክሰኞ የሸሸህ ቅባቱ አይደለም።

በሚቀጥለው ቀን ስትጽፊልኝ ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። መልሱ አሳፋሪ ነው። ደብዳቤሽን ለጋራዡ ሰዎች አነበብኩ፣ መካኒኩም "ታውቃለች" አለ ብለህ የጻፍክልኝን ስንት ጊዜ ደግሜ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ። እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም። መልሼ አላውቅም ማለት ከበደኝ። ስለዚህ የተቀባ ደብዳቤ ጻፍኩልህ።

ረቡዕ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ አባዬ አይደለም። ከመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ስልክ። "ጎማውን አውልቀው" የምትለዋን አፌ ውስጥ አዘጋጅቻት ነበር። ሃሎ ስትለኝ ጠፋች። ሁለተኛም ሃሎ አልክ። ስዘጋው ሴትዮዋ "የለም አሉሽ?" አለችኝ፤ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሷን እንኳ ዋሸኋት።

አባዬ አላወቀም። ያ ቃል የኔ ነው፤ ስፈራ እንደ እሱ የምጽፍ መሆኔን አላውቅም ነበር። "ያኛው" ሲል በሩን እንደሚያይ ጽፌልህ ነበር። አንተ ስልኩን እስኪዘጋ ጆሮህ ላይ እንደያዝከው ሳነብ፣ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ አልኩ።

ይህ ደብዳቤ ረቡዕ ይደርስሃል። ረቡዕ ያጋድሙናል ብለሃል። ጠዋት ከሆነ፣ ሳትገባ ጋሽ ቀስ በል እንዲደርሱልህ እየጸለይኩ ነው።

ሰላምታዬ ይኸው። ሰላም ሁንልኝ።

ታናሽህ


ጥቅምት 27፣ ረቡዕ ማለዳ

ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምታነበው አባዬ በርህ ላይ ቆሞ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ተቀበለው። ከባድ ነው፤ ደግሞ እጁ እንደተያዘ ምንም አይናገርም።

ከዚህ ጋር የእሑዱንም ደብዳቤ ታገኛለህ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ በሩ ላይ ብቆም ጋሽ ቀስ በል አልመጡም። ሲመሽ የመኪናቸው አክስል መንገድ ላይ መሰበሩን ሰማሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሌላ መኪና ፈለግኩ፤ ወደ አንተ የሚሄድ አልነበረም። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ይዤ ወደ አባዬ ወንበር ሄድኩ።

ልነግረው ነበር የሄድኩት። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና የቀለም ብሩሼን ላዩ ላይ አደረግኩት።

አባዬ እንዴት እንደሚያነብ ታውቃለህ፤ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። በሩን ያያል ያልኩበት ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። አንድ ደንበኛ የተነፈሰ ከመነዳሪ ይዞ ገባ፤ "ቆይ" ብሎ አስቆመው። ሲጨርስ ተነሥቶ መንትያውን አወረደና የራሱን አውራ ጣት ግራጫው ቦታ ላይ አደረገው። በለጠው።

"ያንቺ ናት" አለኝ።

ከዚያ የቀለሙን ጣሳ ክዳን በመዶሻ መትቶ ዘጋው። ቀስ ብሎ ነው የመታው፤ ዙሪያውን በሙሉ። ደንበኛው ከመነዳሪውን እንደያዘ ያየን ነበር።

ስልኩን አንሥቶ የጋራዡን ቁጥር ደወለ። ሲጠራ እጀታውን ለእኔ ሰጠኝ። "ጎማውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያቸው" አለኝ። መካኒኩ አነሣ። አባዬ ዞር ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ለምን እንደዞረ ገብቶኛል። "የኋላውን ጎማ ያውልቀው" አልኩ። መካኒኩ "ደብዳቤ የምትጽፊው ልጅ ነሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እሱ እኮ እዚህ የለም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘሁ እልክበታለሁ፤ ግን ተስፋ አትጣይበት" አለ።

አባዬ እጀታውን ወሰደ። ሜዳው የት እንደሆነ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሚያደርስ ጠየቀው። መካኒኩ "ማን ፈለገው ልበል?" ሲለው እኔም ሰማሁ። አባዬ የስልኩን ገመድ ጣቱ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው።

"አባቱ" አለ።

ስለዚህ አሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው አውቶቡስ ይሄዳል፤ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ያጋድሙናል ብለሃል። እማዬ ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠችም። መካኒኩ ሰው ያገኘ እንደሆን፣ ዝናብ የጣለ እንደሆን፣ ወይ አንተው ሳታውቀው ዛሬን ፈርተህ የነዳህ እንደሆን እያልኩ ነው የምጽፈው። በሩን ራስህ ክፈትለት። ሌላ ሰው እንዳይከፍትለት። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ።

አባዬ ቅዳሜ ይንዳ ወይም አይንዳ አላለም። እማዬ ስትጠይቀው "እኔን የሚያገባኝ ጎማው ነው" አላት። ካነበበው ጀምሮ ግን ስንት መደርደሪያ እንዳወረደ ብታይ። የመረጠልህን እኔ እንዳነብለት አደረገኝ፤ አራቱን አሃዝ። ያለፈው ሰኔ የተሠራ ነው። ቀለም አልነካውም፤ መልኩ ደብዘዝ ያለ ነው፣ እንደ ያኛው አያብረቀርቅም። ፎርሙ ላይ ጻፈው።

ሰላምታ ከእማዬ፣ ከእኔም። የአባዬን ራሱ ይሰጥሃል፤ እንዴት ብሎ እንደሚጀምር አውቶቡሱ ላይ የሚለማመድ ይመስለኛል፣ አታስቸኩለው። ዛሬ ከኋላ በእርሳስ የጻፍኩት ነገር የለም።

አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጎማውን ደብዳቤው እንዲገባበት ሲሰጠኝ እጄ ለልማዱ ጨርቅ አነሣ። መልሼ አስቀመጥኩት። ስትቀበለው ውስጡን እይ። ይሄኛውን ጠመኔ አልጠረግኩትም።

ታናሽህ